አውራሪስ፥ ባለ አንድ ቀንድ እና ቀይ ቀበሮ
(ስለ አውሬ ፍለጋና ስለ አውሬ ስያሜ የቀረበ ሂስ)

በሳይንስ ልብ ወለድ ትርጉም ላይ የተሠማሩ ባልደረቦቻችን ደጋግመው ከሚያነሡልን ጥያቄዎች አንዱ የአውሬ ስም ጥያቄ ነው። የድርሰቱ ባለታሪክ ወደ ሩቅ ፕላኔት ይሄዳል፤ ጥቅጥቅ ካለ ጫካ ይገባል፤ ማንም በወጉ አይቶት የማያውቀውን፥ ዝናው ግን ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውን አውሬ ሲያስስ ዘመኑንና ጤናውን ይጨርሳል። ተርጓሚው እዚህ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይቆማል። አውሬውን ምን ብሎ ይጥራው? አንዱ የባዕዱን ስም በፊደላችን ገልብጦ ያልፋል፤ ሌላው ይመስለዋል ያለውን የአገር አውሬ ስም ያውሰዋል። ሁለቱም መንገዶች በችኮላ ሲያዙ ምን ጉዳት እንደሚያስከትሉ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

ማስረጃ ፍለጋ ግን ወደ ሌላ ዓለም መጓዝ አያስፈልገንም። እንዲህ ያለው ፍለጋ በእኛው አገር ላይ ተካሂዷል። ከ16ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ለነበረው የአውሮፓ አንባቢ ሩቁ ፕላኔት ኢትዮጵያ ነበረች፤ የሚፈለገውም አውሬ በግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ የተከለው ፈረስ መሰል እንስሳ ነበር።

፩. ወሬ እንዴት ምስክርነት ሆነ

ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ እ.ኤ.አ. ከ1625 እስከ 1634 በአገራችን ኖሯል። ስለ ባለ አንድ ቀንዱ አውሬ የጻፈው በሁለት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ይታወቃል። በ1669 በሎንዶን በታተመው የሰር ፒተር ዋይች ትርጉም ነገሩ በግልጽ የሰው ወሬ ነው፤ አውሬው በአገው ጫካ እንደሚኖር፥ አንድ ጓደኛው ሕፃን ግልገል ተይዞ ቀርቦለት በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ሞተበት፥ ትልቁን ያየው ደግሞ አንድ ዕድሜ ጠገብ የፖርቱጋል አዛዥ መሆኑን ይተርካል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 ከለ ግራን የፈረንሳይኛ ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ በመለሰው መጽሐፍ ግን ተራኪው ራሱ አውሬውን ከቅርብ እንዳየው ይናገራል፤ ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው ሲሮጥ ፍጥነቱ በደንብ ለመመርመር ጊዜ እንዳልሰጠው ብቻ ያማርራል።

የሥነ ትርጉም ተማሪ ይህን ልዩነት ልብ ሊለው ይገባል። በአንዱ መጽሐፍ «ሰማሁ» የተባለው በሌላው «አየሁ» ሆኗል። የሎቦ የፖርቱጋልኛ ድርሳን ሙሉ ቅጂ በብራጋ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የተገኘው በ1947፥ የታተመውም በ1971 ነው፤ ይህም ማለት አውሮፓ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያደነው አውሬ በአብዛኛው በትርጉም ጫካ ውስጥ የሚኖር አውሬ ነበር ማለት ነው።

በአንጻሩ የእውነተኛው ድንቅ ነገር ዕጣ የተለየ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይቶ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ሲገልጻቸው፥ አንባቢ አያምነኝም በሚል ስጋት መጻፉን አቁሟል፤ የጻፈውም እውነት መሆኑን በመሐላ አጽንቷል። ድንጋዩን በዓይኑ ያየው ሰው ማለ፤ አውሬውን በጆሮው የሰማው ግን በተርጓሚ እጅ የዓይን ምስክር ሆነ።

፪. «አውራሪስ» የሚለው ቃል ምስክርነት

የአገራችን ቋንቋ በዚህ ጉዳይ ከአውሮፓ ተጓዦች እጅግ ቀደም ያለ መረጃ አለው። በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አዱሊስ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በግሪክኛ በጻፈው መጽሐፉ ስለ ሁለት አውሬዎች ለየብቻ ይናገራል። አንዱ አፍንጫው ላይ ቀንድ ያለው ሲሆን ሕይወት ያለውን በሩቅ፥ ቆዳው በገለባ የተሞላውን ደግሞ በንጉሡ ቤት አይቷል። ሁለተኛው ባለ አንድ ቀንዱ ነው፤ ይህን ግን በሕይወት እንዳላየው፥ ያየው በኢትዮጵያ ንጉሥ ቤት የቆሙትን አራት የነሐስ ምስሎች ብቻ መሆኑን በታማኝነት ይገልጻል።

ለእኛ ሙያ ትልቁ ነገር የሚቀጥለው ነው። ኮስማስ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያውን አውሬ በቋንቋቸው «አሩ» እና «ሐሪሲ» በሚሉ ሁለት ቃላት እንደሚጠሩት፥ የሁለተኛውም ቃል መነሻ ድምፅ በትንፋሽ እንደሚነገር ይመዘግባል። «አሩ» አውሬ ማለት ነው ይላል፤ ሁለተኛውን ቃል ከማረስ ጋር ያያይዘውና ምክንያቱን ከአፍንጫው ቅርጽና ከቆዳው አገልግሎት ያመጣዋል፤ ቆዳው ሲደርቅ አራት ጣት ያህል ስለሚወፍር በብረት ፈንታ ለማረሻ የሚያውሉት አሉ ይላል።

ይህ የግእዙ «አርዌ ሐሪስ» ነው። ከ1,400 ዓመት በፊት አንድ የውጭ አገር ነጋዴ የ«ሐ»ን ድምፅ ሳይቀር የመዘገበበት የመዝገበ ቃላት ሐተታ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቃሉ የሄደበት መንገድ በሌሎች ቃሎቻችንም የሚታይ ነው። «አርዌ» በአማርኛ «ረ» እና «ወ» ቦታ ተለዋውጠው «አውሬ» ሆኗል፤ «ሐ» በአነጋገር ጠፍቷል፤ ሁለቱ ቃላትም ተጋጥመው «አውራሪስ» ሆነዋል። የመጀመሪያው ክፍል ትርጉም አያከራክርም። የሁለተኛው ግን ያከራክራል፤ ኮስማስ ማረስን ሲያነሣ፥ በ1790 መጽሐፉን ያሳተመው ጄምስ ብሩስ በበኩሉ ስሙን ቀንድ ያለው ታላቅ አውሬ ብሎ ፈትቶታል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለቱንም ፍቺዎች ሊያሰፍር ይችላል፤ አንዱን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ማስፈር ግን የለበትም።

፫. «ዘአሐዱ ቀርኑ»

ታዲያ አውራሪስና ባለ አንድ ቀንዱ እንዴት ተምታቱ? ምክንያቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ነው። የዕብራይስጡ «ረኤም» በዛሬ ሊቃውንት አስተያየት የጠፋው የዱር በሬ ነው፤ ይህ በሬ ሁለት ቀንድ አለው። የግሪክኛው ተርጓሚዎች ግን «ሞኖኬሮስ» ማለትም ባለ አንድ ቀንድ አሉት። ግእዙ ከግሪክኛ የተመለሰ በመሆኑ በመዝሙር 21 እና 91 «ዘአሐዱ ቀርኑ» የሚል ሐረግ እናገኛለን። የእንግሊዝኛው የ1611 ትርጉም «ዩኒኮርን» አለ፤ በ1885 የወጣው የታረመው ትርጉም ደግሞ ወደ ዱር በሬ መልሶታል። ብሩስ በበኩሉ «ረኤም» አውራሪስ ነው ብሎ ተከራክሯል።

የግእዝ ተርጓሚዎቻችን ሥራ እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባል። «አርዌ ሐሪስ» የሚለው ስም በአገሩ ይታወቃል፤ አውሬው በበረሓው ይኖራል፤ ተርጓሚው ግን በመዝሙሩ ያልታወቀውን አውሬ በሚታወቀው ስም አልሸፈነውም። ግሪክኛው የሚለውን ብቻ በሐረግ ገለጸው፤ አንድ ቀንድ ያለው። አንባቢው የማያውቀውን አውሬ እንደማያውቀው እንዲያውቅ አደረገው። በአፍሪካ የሚኖሩት የአውራሪስ ዝርያዎች ሁለቱም ባለ ሁለት ቀንድ ስለሆኑ፥ «አውራሪስ» ቢሉት ኖሮ ስሙ ራሱ ከሐረጉ ጋር በተጣላ ነበር።

ዛሬ «ዩኒኮርን» የሚለውን «አውራሪስ» ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች ይህን የጥንት ጥንቃቄ ያፈርሳሉ። «ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ» የሚሉትም ቢሆኑ የአውሮፓን ሥዕል በአማርኛ ስም ውስጥ ያስገባሉ፤ ግሪክኛውም ግእዙም ፈረስ አላሉም።

፬. የላስታ ሁለት ምስክሮች

ላስታ በዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ያስተምረናል። የመጀመሪያው ሥዕሉና ቅርጹ ነው። በላሊበላ ቤተ ማርያም በምዕራቡ ደጃፍ ላይ ሁለት ፈረሰኞች አውሬ ሲወጉ በድንጋዩ ተቀርጸዋል፤ በውስጥም ነጭና ጥቁር በሬ ሲዋጉ ተሥለዋል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ በጽድ ደን መካከል፥ በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ደግሞ በዓለም ያሉትም፥ በዓለም የሌሉትም እንስሳት ጎን ለጎን ተሥለው ይታያሉ። ሠዓሊው ሁለቱን ዓይነት በአንድ ጣራ ሥር ሲያኖር አልተቸገረም። የሚቸገረው ስም የሚለጥፈው ሰው ነው። ለጎብኚ የሚነገረው መግለጫ እያንዳንዱን ሥዕል በአንድ የባዕድ ስም ለመዝጋት ሲቸኩል ሰምተናል። «የማይታወቅ አውሬ» ብሎ መተው ግን ነውር አይደለም፤ የ«ዘአሐዱ ቀርኑ» ተርጓሚ አስተምሮናል።

ሁለተኛው ምስክር በሕይወት አለ። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በአቡነ ዮሴፍ ውርጭ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ በጠቅላላው የቀረው ቁጥር 500 ገደማ ሲሆን የአቡነ ዮሴፎቹ በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ጀርመናዊው ሩፕል በስሜን አግኝቶት በሳይንስ ከሰየመው ወዲህ በእንግሊዝኛ ስሙ ተለዋውጧል። መጀመሪያ በአውሮፓው ቀይ ቀበሮ ስም፥ ከዚያ በእኛው ተራ ቀበሮ ዘመድ ስም፥ በመጨረሻም «የኢትዮጵያ ተኩላ» ተባለ፤ በ1994 የወጣ የዘር ጥናትም ከግራጫው ተኩላ ጋር ያለውን ቅርበት አሳይቷል። የአማርኛው ስም ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተነቃነቀም።

አሁን ግን ከእንግሊዝኛ የሚተረጎሙ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለውን ወደ አማርኛ እያስገቡ ነው። ይህን ስያሜ በሦስት ምክንያት እንነቅፋለን።

አንደኛ፥ «ተኩላ» በአማርኛ ባዶ ቦታ አይደለም። በመጽሐፍ የበጎች ጠላት ነው፤ በዱር እንስሳት ጽሑፎቻችን ደግሞ በመንጋ ለሚያድነው ባለ ዝንጉርጉር ቆዳ አውሬ የተሰጠ ስም ነው። አንድ ስም ለሦስት እንስሳ ከዋለ ስም መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛ፥ ምክንያቱ ራሱ መቆሚያ የለውም። ስም በዘር ጥናት ይቀየር ከተባለ፥ በ2015 የወጣ ጥናት ተራውን የአፍሪካ ቀበሮ ጭምር ወደ ተኩላ ወገን ስላዞረው፥ በመላው ደጋችን «ቀበሮ» የሚባል ሊቀር ነው። ዝምድናን የመግለጽ ሥራ የሳይንሳዊው የላቲን ስም ነው፤ «ካኒስ ሲሜንሲስ» ይህን ሥራ ይሠራል። የሕዝብ ስም ሥራ ሌላ ነው፤ አውሬውን ከአውሬ መለየት።

ሦስተኛውና ዋናው፥ ይህ ስም እንስሳውን ሊጎዳው ይችላል። የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ የውርጩ አይጥ ነው። የላስታ እረኛ ይህን ያውቃል፤ የምናውቃቸው ሽማግሌዎችም ስለዚህ እንስሳ ሲያወሩ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ሥዕል ሥር «ተኩላ» ተብሎ ሲጻፍ ግን የእረኛው ልጅ የሚያነበው ከዘር ጥናቱ መደምደሚያ ይልቅ በግ በሊታ የሚለውን ነው። በበግ በሊታ ላይ ምን እንደሚደረግ ልጁ ከአባቱ ተምሯል። በአሥሮች ለሚቆጠር እንስሳ አንድ የተሳሳተ ቃል ቀላል ነገር አይደለም።

የተለየ አስተያየት ያላቸው ባልደረቦቻችን «ቀበሮም እኮ ስሙ ንጹሕ አይደለም፤ በተረታችን ተንኰለኛ ነው» ይሉናል። እውነት ነው። ነገር ግን «ቀይ» የሚለው ቅጽል እንስሳውን ከተራው ቀበሮ ለይቶታል፤ ሕዝቡ መለያውን ራሱ ሠርቶ አስረክቦናል።

፭. የምናቀርባቸው ሐሳቦች

ከዚህ በላይ በተመለከተው መሠረት የሚከተለውን ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ) «አውራሪስ» ለእውነተኛው አውሬ ብቻ ይዋል፤ ሐተታው «አርዌ ሐሪስ» የሚለውን መነሻና ሁለቱን ፍቺዎች ይስጥ።

ለ) ለአፈ ታሪኩ አውሬ «ባለ አንድ ቀንድ» የሚለው የግእዙን ሐረግ የሚከተል ስለሆነ ይመረጥ፤ «ዩኒኮርን» የንግድ ወይም የመጽሐፍ መጠሪያ ሆኖ ሲመጣ ብቻ እንዳለ ይጻፍ።

ሐ) «ቀይ ቀበሮ» ይጽና፤ «የኢትዮጵያ ተኩላ» በመድበለ ቃላት ውስጥ የእንግሊዝኛው ስም ቀጥተኛ ትርጉም መሆኑ ብቻ ይመልከት እንጂ እንደ አማርኛ ስም አይመዝገብ።

መ) በሩቅ ፕላኔት ስለሚፈለገው አውሬ ደግሞ፥ ተርጓሚው መጀመሪያ ጽሑፉን ይጠይቅ፤ ባለታሪኩ አውሬውን አይቶታል ወይስ ሰምቶበታል? ካላየው፥ ስሙ የሰሚ ስም ይሁን፤ የአገራችንን የታወቀ አውሬ ስም አያውሰው። ካየው ደግሞ፥ አባቶቻችን «አርዌ ሐሪስ» ባሉበት መንገድ «አውሬ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ የታየ ጠባይ፥ አንድ የታየ ቅርጽ አጋጥሞ ስም ይሥራ።

አውሬ ፈላጊው ቢሳሳት የሚከስረው የራሱን ዘመን ነው። ስም ሰያሚው ሲሳሳት ግን ስሕተቱ ወደ መጽሐፍ፥ ከመጽሐፍም ወደ ትምህርት ቤት ግድግዳ ይወርዳል፤ ከዚያም በአቡነ ዮሴፍ ውርጭ ላይ አይጡን ለሚያድነው፥ ስለ ስሙ ምንም ለማያውቀው እንስሳ ይደርሰዋል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኃላፊነትም የሚለካው በዚሁ ነው።