«ኤርባግ አለው» ሲሏችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «ኤርባግ ያለው» የሚለው ብዙ ጊዜ «ኤሲ ያለው»፣ «ካሜራ ያለው» ከሚሉት ጋር ተሰልፎ ነው የሚመጣው። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ኤሲ ብቻውን ይሠራል። ኤርባግ ግን የተነደፈው ለቀበቶ ረዳት እንዲሆን ነው፤ ቀበቶው ከሌለ ራሱ ሊጎዳችሁ ይችላል።

ስሙም ያሳስታል። «የአየር ከረጢት» ሲባል ለስለስ ያለ ትራስ ነው የሚመስለው። በብዙዎቹ ውስጥ ግን የሚፈጠረው ትንሽ ፍንዳታ ነው። ስልካችሁን ስታዞሩት ስክሪኑን አብሮ የሚያዞረው ዓይነት ሴንሰር መኪናው በድንገት መቆሙን ያውቃል፣ ኬሚካሉ ይቀጣጠላል፣ በአብዛኛው ናይትሮጅን የሆነ ጋዝ ከረጢቱን ይሞላል። ይህ ሁሉ ወደ 50 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ከዚህ በላይ ይወስዳል። ከረጢቱ የሚወጣበት ፍጥነት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል።

አሁን አንድ ስሌት እንሥራ። ከኮሶበር ወደ ግምጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። ይህ በሰከንድ 15 ሜትር ነው፤ ከ11 ሜትር ከፍታ በላይ ወድቆ መሬት እንደመምታት ማለት ነው። ሰውነታችሁ በ50 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከቆመ የሚያርፍባችሁ ኃይል ከክብደታችሁ 23 እጥፍ ገደማ ነው። ግንባራችሁ ዳሽቦርዱን መትቶ በ5 ሴንቲ ሜትር ከቆመ ግን 230 እጥፍ! እንግዲህ ጨዋታው ሁሉ የማቆሚያውን ርቀት መጨመር ነው። የመኪናው አፍንጫ ሲጨማደድ ርቀት ይሰጣል፣ ቀበቶው ይሰጣል፣ ከረጢቱም ይሰጣል። ከረጢቱ ከኋላው ቀዳዳዎች ያሉት ለዚህ ነው፤ ሲገፉት ጋዙን እያስተነፈሰ ይሸሻል እንጂ እንደ ኳስ አይመልሳችሁም።

ቀበቶ ያላሰረ ሰው ግን ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከረጢቱ ሲፈነዳ ፊቱ እዚያው አፉ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ትራፊክ ሲታይ ብቻ ደረት ላይ ጣል የምትደረገዋ ቀበቶ እዚህ ላይ ምንም አትፈይድም። ጋቢና ተቀምጦ ሕፃን ማቀፍ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ልጁ በከረጢቱና በእናቱ መሀል ነው ያለው። በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ግምት ከ1990 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) በዝቅተኛ ፍጥነት በደረሱ ግጭቶች ከ290 በላይ ሰዎች በራሱ በኤርባግ ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፣ አብዛኞቹም ቀበቶ ያላሰሩ ወይም በትክክል ያልታሰሩ። ኤርባግ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም፤ እዚያው አገር እስከ 2017 ከ50 ሺህ በላይ ሕይወት እንዳተረፈ ተገምቷል።

ኬሚካሉም ያረጃል። የጃፓኑ ታካታ የተጠቀመበት አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ፣ ብረቱን ቤቱን እየሰነጠቀ ስብርባሪ ተሳፋሪ ላይ መርጨት ጀመረ። በዓለም ዙሪያ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ ኩባንያው በ2017 ኪሳራ አወጀ። ያገለገለ መኪና ለሚገዛ አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ደግሞስ ስለማን ነው የምናወራው? ባጃጅ ኤርባግ የለውም። ሚኒባስ ከፊት ቢኖረው እንኳ የሾፌሩና የጋቢናው ነው። ከኋላ ተጣጥፎ የተቀመጠው፣ ትርፍ የተጫነው፣ በሩ ላይ የቆመው ረዳት ምንም የላቸውም። ለእነሱ ያለው መከላከያ የሾፌሩ እግር ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የግጭቱ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል።

መኪና ልትገዙ ከሆነ ወይም ቤተሰብ ሊገዛ ከሆነ ቁልፉን አዙሩና ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የኤርባግ መብራት ተመልከቱ። በርታ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለባት። በርታ ከቀረች ሲስተሙ ችግር አለበት። ጭራሽ ካልበራች ደግሞ አምፖሉን ማን እንዳወለቀው፣ ለምን እንዳወለቀው ሻጩን ጠይቁት።