ዱመርሶ፣ በእጅ የተሠራ ቡና

ከዲላ ተነስቶ በሞያሌ መንገድ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ወናጎን አልፎ ወደ ይርጋጨፌ ሲቃረብ ግራና ቀኙ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስለዋል። ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራውና ብሳናው፣ ከእነሱ ሥር የእንሰቱ ሰፋፊ ቅጠል፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎደሬው። ዱመርሶ በዚህ አረንጓዴ ውስጥ ተሸሽጋ የምትኖር በጌዴኦ ዞን የይርጋጨፌ ወረዳ መንደር ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም፤ ባሕር ማዶ ግን በቡና ቆይዎች ከረጢት ላይ ታትሞ ይሸጣል።

ስለ ይርጋጨፌ ቡና ሲወራ ሁላችንም አንድ ነገር እንደጋግማለን፦ አፈሩ ነው፣ ከፍታው ነው፣ የፈጣሪ ስጦታ ነው። አይካድም። ቡናው ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ በጥላ ሥር ቀስ እያለ ይበስላል፤ ጣዕሙም ከዚያ ይጀምራል። ነገር ግን የበሰለው ፍሬ ከዛፉ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ ያ ስጦታ በየደረጃው ሊበላሽ ይችላል። እንዳይበላሽ የሚያደርገው የሰው እጅ ነው፤ እኔም ማመስገን የምፈልገው ይህንን እጅ ነው።

ከለቀማው ልነሳ። በጥቅምትና በኅዳር አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍሬ ጎን ለጎን ይገኛል። ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች መግፈፍ ይቀላል፣ ቅርጫትም ቶሎ ይሞላል። ግን ያልደረሰው ከደረሰው ጋር ይቀላቀላል፣ ቅጠሉ ይራገፋል፣ የከርሞውን ፍሬ የሚሸከመው ጫፍም ይሰበራል። ጥሩ ለቃሚ ቀዩን ብቻ በሁለት ጣት ጠምዘዝ አድርጎ ያነሳል፤ ወደዚያው ዛፍም ሦስት አራት ጊዜ ይመለሳል። እሸቱ በዚያው ዕለት ማጠቢያው ጣቢያ ካልደረሰ በራሱ ሙቀት መብላላት ስለሚጀምር ሲመሽ በየመንደሩ መንገድ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሁሉ ይጣደፋል።

ማጠቢያው ጋ ማሽኑ ቀዩን ልጣጭ ይገፋል፤ የቀረው ሙጫ ግን በዚህ ማሽን አይለቅም። ፍሬው ገንዳ ውስጥ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል፤ ሌሊቱ ሲበርድ ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። መቼ እንደበቃው የሚወስነው ሰው እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ይሰዳል፤ ጭብጥ ፍሬ አውጥቶ በመዳፉ ያሻል። ሙጫው ካልለቀቀ ፍሬው ይሙለጨለጫል። ሲለቅ ይሻክራል፣ የሚሰጠውም ድምፅ ይለወጣል። ሰዓቱ ካነሰ ገለፈቱ ላይ የሚቀረው ሙጫ ያቆሽሸዋል፤ ከበዛ ይሸታል። አንድ የሸተተ ፍሬ አንድ ሲኒ ሙሉ እንደሚያበላሽ የቀመሰ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ በቦዩ ውስጥ ውሃ ሲለቀቅ ሠራተኞቹ ፍሬውን በእንጨት መግፊያ ወደ ላይ፣ ከውሃው አቅጣጫ በተቃራኒ ይገፉታል፤ ክብደት ያለው ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ተንሳፎ ይሄዳል።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው፣ ማንም ቆም ብሎ የማያየው ሥራ ነው። የታጠበው ቡና ገና ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ጥላ ያለበት አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ሴቶች በሁለት ወገን ይሰለፉበታል። ጥላውና እርጥበቱ ያለምክንያት አይደሉም። እርጥቡ ገለፈት ውስጡን ያሳያል፤ ሲደርቅ ግን ነጣ ብሎ ነውሩን ሁሉ ይሸፍናል። ያልበሰለው አረንጓዴ ጥላ፣ ነፍሳት የበሱት ጥቁር ነጥብ፣ ማሽኑ የቆረጠው ጠርዝ የሚታዩት በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ነው። አንዲት ልምድ ያላት ለቃሚ በመዳፏ አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ገላጣ ታደርጋለች፤ ጣቶቿ ፍሬውን እያገላበጡ ያልፋሉ፣ ዓይኗ እያንዳንዱን ፍሬ አይመረምርም፤ ከሌላው የተለየውን ብቻ ይይዛል። የተለየውን አንስታ ታስወግዳለች፣ ያን ቦታ ዘግታ ቀጣዩን ትከፍታለች። ጨዋታው አይቋረጥም፣ እጁም አይቆምም።

ከዚያ ቡናው ለፀሐይ ይወጣል፤ ለፀሐይ ሲባልም እንደልብ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ይሸፈናል፤ ምክንያቱም በኃይለኛ ሙቀት ገለፈቱ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ገለፈትም ፍሬውን አይጠብቅም። ማታም ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል። በመካከል በየጊዜው ይገላበጣል። ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተያዘ በኋላ ውስጡ የሚቀረው እርጥበት ከመቶ 11 ወይም 12 ያህል ነው።

ይህ ጥንቃቄ የግድ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በኢንዶኔዥያ ሱማትራ ደሴት፣ በቶባ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ባታኮችም እንደ ዱመርሶ ሰዎች በትንንሽ ማሳ ቡና ያመርታሉ። እዚያ ግን ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ቡናው ሲሶ ያህል እርጥበት እያለው ገለፈቱ ይገፈፋል፣ ማድረቁ የሚጠናቀቀውም ከተገፈፈ በኋላ ነው። የሚወጣው ቡና ወፍራም፣ ኮምጣጣነቱ ዝቅ ያለ፣ አፈር አፈር የሚል ነው። ወዳጆቹ ብዙ ናቸው፤ እኔ ምርጫዬ የዱመርሶው ነው። ጥራት ያለው ሙያ ከአየሩ ጋር ተስማምቶ እንደሚሠራ ግን ባታኮቹም ያሳያሉ። ልጆቻቸው ወደ ሜዳንና ወደ ጃካርታ እንደሚሄዱት ሁሉ የጌዴኦ ልጆችም ወደ ዲላ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።

የቀሩትን በመንደሩ የሚያቆያቸው ቡናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ በተቸገሩ ነበር። የቡና ገንዘብ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ እንሰቱ ግን በማንኛውም ወር ይቆረጣል። ፍቂያውም የራሱ ጥበብ አለው። ሴቲቱ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ ዘመም ባለ ሳንቃ ላይ አስደግፋ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትስባለች። እጇ ከከበደ ቃጫው እየተቆረጠ ከቆጮው ጋር ይቀላቀላል፤ ከቀለለ ምግቡ ቃጫው ላይ ይቀራል። የጌዴኦ ምሁር ታደሰ ኪጴ በ1994 ዓ.ም. ገደማ እንሰትና ቡና አብረው ስለሚበቅሉበት የመሬት አያያዝ ባሳተሙት ጥናት አምስት ሺህ ዓመት የዘለቀ ስለመሆኑ ጠይቀዋል። ዩኔስኮም የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። የተመዘገበው መልክዓ ምድር የገበሬውና የሚስቱ የየዕለት እጅ ሥራ መሆኑን ማንም እንዳይረሳው እመኛለሁ።

ቡናው በአብዛኛው በምርት ገበያ በኩል ይሸጥ በነበረበት ጊዜ የዱመርሶው ከሌላው የአካባቢው ቡና ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ይጠፋ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. የሕግ ማሻሻያ ወዲህ የትውልድ ስሙን ይዞ ወደ ገዢው የሚሄድበት መንገድ ሰፍቷል። ዛሬ ከረጢቱ ላይ ከፍታው ይጻፋል፣ የማጠቢያው ስም ይጻፋል፣ ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ ተብለው የሚጠሩት የአገሬው ዝርያዎች ይጻፋሉ። አልጋው ላይ የቆመችው ሴት ግን «የቀን ሠራተኛ» ናት። ይህ ያንገበግበኛል። ቡናው ሲቀመስ የሚያገኘውን የጥራት ነጥብ የምታስገኘው እሷ ከሆነች ክፍያዋም ከነጥቡ ጋር ከፍ ማለት አለበት። በየዓመቱ የምትመለስ የሠለጠነች ለቃሚ ለማጠቢያው ባለቤት ከማንኛውም አዲስ ማሽን ትበልጣለች።

ወደፊቱን የሚወስነው ደግሞ ጓሮው ውስጥ ያለ ሌላ ሥራ ነው። አባት የያዘው መሬት ለወንድ ልጆች ሲከፋፈል እያነሰ ሄዷል፤ ቡናውም አርጅቷል። ያረጀ ቡና መድኃኒቱ ጉንደላ ነው። ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቀርቶለት በሰያፍ ይቆረጣል፤ ዝናቡ ቁስሉ ላይ እንዳይቆም ነው ሰያፉ። ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ሁለት ሦስት ጠንካራ ቀንበጥ ተመርጦ ሌላው ይነቀላል። ያ ዛፍ መልሶ ጥሩ ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል። ያለው መሬት ትንሽ የሆነ ገበሬ ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ እጁን መቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ ጓሮውን ከፋፍሎ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይጎነድላል፣ በተከፈተው ብርሃን እንሰት ይተክላል። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚነሳ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ያ ባዶ ጊዜ እስኪያልፍ የሚያሻግረው ብድር ነው፤ መጋዙንና ሙያውን አባቱ ያወርሰዋል።