ዴቭዳስ ደብዳቤውን ሲጽፍ

በከሚሴ የህንድ ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት አያስፈልግም፤ ሚሞሪ ይዞ ሄዶ ማስጫን ይበቃል። ብዙዎቻችሁ «ዴቭዳስ»ን እንዳያችሁት ከጨዋታችሁ ይታወቃል። ስለዚህ «ዓለማዊ ነው፣ አትዩ» በሚል ምክር ወረቀት አላባክንም። አይታችኋል፤ እንግዲህ ያያችሁትን እንነጋገርበት።

ፊልሙን ሳንጄይ ሊላ ባንሳሊ የሠራው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ ሳራት ቻንድራ ቻቶፓድያይ በ1917 ካሳተመው የቤንጋልኛ ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን ከዚያ በፊትም ከአንዴ በላይ ተሠርቷል፤ የ1955ቱ የቢማል ሮይ ሥራ ጥቁርና ነጭ ነው። ባንሳሊ ግን ቀለም አልቆጠበም። የፓሮ ቤት ግድግዳው ባለቀለም መስታወት ነው፤ የቻንድራሙኪ ቤት መብራቱ ውኃ ላይ ያርፋል። በመጽሐፉ ሁለቱ ሴቶች ተገናኝተው አያውቁም። እርሱ ግን አገናኝቶ አብረው አስጨፈራቸው። ለታሪኩ ስላስፈለገ ሳይሆን፣ አይሽዋርያ ራይንና ማዱሪ ዲክሲትን ጎን ለጎን ማየት ስለምንወድ ይመስለኛል። አልተሳሳተም፤ ከሦስት ሰዓቱ ፊልም ሰው እየመለሰ የሚያየው ያንን ነው።

ውበቱ ስለሳባችሁ አትፈሩ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ የሚጠራው በዞናችን ከተማ በባቲ ስም ነው፤ እዚህ አገር ፍቅር በዜማ መነገሩ አዲስ ነገር አይደለም። የመገናኛውን ድንኳን መጋረጃ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ያሠራ አምላክም ቀለም አይጠላም። መኃልየ መኃልይ ደግሞ እስከ ዛሬ ከመጽሐፍ ቅዱሳችን አልወጣም።

የሚስበን ልብሱና ጭፈራው ብቻ አይመስለኝም። ዴቭዳስ ለንደን በተቀመጠባቸው አሥር ዓመታት ፓሮ መብራቷን ሳታጠፋ ጠብቃዋለች። ለላክነው መልእክት በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልመጣ የምንናደድ ሰዎች ነን፤ እንደዚያ መጠበቅን ማን ይጠላል? ፊልሙ ውርደትንም ያውቃል። የፓሮ እናት በደስታ ጨፍራ ስታበቃ በዴቭዳስ እናት አፍ በሰው ፊት የምትዋረድበት ክፍል ለእኔ ከዘፈኖቹ ሁሉ ይበልጣል። ሽማግሌ ልኮ በዘር፣ በሀብት ወይም በእምነት ምክንያት የተመለሰበት ወጣት በእኛም አካባቢ ስላለ ያን ትዕይንት ማንም ሳያስተረጉም ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የምትመጣዋን ሌሊት ግን ቀስ ብላችሁ ተመልከቷት። ፓሮ ክብሯን አደጋ ላይ ጥላ በሌሊት ወደ ዴቭዳስ ትመጣለች። አባቱ ይቆጣል። ዴቭዳስ ቤቱን ጥሎ ይወጣል፤ ከዚያም በመካከላቸው ፍቅር እንዳልነበረ የሚገልጽ ደብዳቤ ይልክላታል። ተጸጽቶ ሲመለስ የሰርጓ ቀን ደርሷል።

ሩትም በሌሊት ወደ ቦዔዝ አውድማ ሄዳ ነበር። እርሷም ድሀ ናት፣ በዚያ ላይ ባዕድ፤ ሰው ቢያያት ስሟ ይጠፋል። ቦዔዝ ሲነጋ ወደ ከተማው በር ወጣ፤ አሥር ሽማግሌዎች አስቀመጠ፤ ከእርሱ ይልቅ የሚቀርባትን ዘመድ በሁሉ ፊት ጠይቆ ጉዳዩን በዚያው ቀን ጨረሰ። ዘፈን የለው፣ መስታወት የለው። ለካሜራ የማይመች ሰው ነው።

ባንሳሊ ከደብዳቤው በኋላ ያለ የሌለ ጥበቡን በሰካራሙ ላይ ያፈሰዋል። ሻህ ሩክ ኻን ሲጠጣ ያምራል፣ ሲንገዳገድ ያምራል፣ ሲያስል እንኳ ያምራል። ራሱን ማጥፋቱ ሁሉ የፍቅሩ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብልናል። ከፊልሙ ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። «እንዲህ የሆንኩት በእሷ ምክንያት ነው» እያለ ጫቱንና መጠጡን የሚያሳብብ ጓደኛ ካላችሁ፣ እስቲ ስለ ደብዳቤው ጠይቁት፦ በዚያች ሌሊት ምን አደረግህላት?

በመጨረሻ ዴቭዳስ በፓሮ ባል ግቢ ደጃፍ ላይ ይሞታል። እርሷ እየሮጠች ትመጣለች፤ ሳትደርስ በሩ ይዘጋል። እናለቅሳለን። ቤተሰቡ ሁሉ እያየ የሮጠችው ሴት ግን ኑሮዋ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከባሏና ከመጀመሪያ ሚስቱ ልጆች ጋር። የማግስቱን ጠዋት ባንሳሊ አላሳየንም።