የኮንኮርዲያ ባለቤቶች

ኮንኮርዲያ የሚባለው የሸራ ጀልባ ከአንድ እስከ 103 ቁጥር ተሰጥቶት የተሠራ ነው። የመጀመሪያዋ የታሰበችው በ1938 ሲሆን የመጨረሻዋ ከሠሪዎቿ እጅ የወጣችው በ1966 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁሉም የእንጨት ናቸው። እንጨት ደግሞ ባሕር ላይ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ይበሰብሳል፣ ትል ይበላዋል፣ ሲደርቅና ሲርስ ይሰነጠቃል። እንዲያም ሆኖ ከ103ቱ እጅግ የሚበዙት ዛሬም አሉ። ብዙዎቹ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በየበጋው ሸራቸውን ይዘረጋሉ።

መቆየታቸው ብቻ አይደለም የሚደንቀኝ፤ እንዴት እንደቆዩም ጭምር ነው። ግማሹ ምክንያት ጣውላው ውስጥ አለ፤ ግማሹ በባለቤቶቹ መካከል ነው። ሁለቱን ነጥሎ ማውራት አይቻልም ባይ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው ከጥፋት ነው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1938 ታላቅ አውሎ ነፋስ ኒው ኢንግላንድን መታ። ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። በማሳቹሴትስ ግዛት ባዛርድስ ቤይ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ውኃው ከወትሮው ከፍታው አልፎ ተነሣና በየወደቡ የታሰሩትን ጀልባዎች እየነቀለ ከየብስ ጋር አላተማቸው። ከተሰበሩት አንዷ የልዌሊን ሃውላንድ ጀልባ ነበረች። ሃውላንዶች በዓሣ ነባሪ አደን ዘመን የታወቁ የኒው ቤድፎርድ ቤተሰብ ናቸው፤ ኮንኮርዲያ የሚለው ስምም የመጣው ከአንዲት የቤተሰቡ የአደን መርከብ ነው። ልዌሊን ምትክ ፈለጉ። ልጃቸው ዋልዶ ሃውላንድና ሬይመንድ ሃንት ሌሎች ነዳፊዎችን ይዘው ሥራውን ጀመሩ። ሃንት በኋላ ለፈጣን የሞተር ጀልባ በነደፈው ጥልቅ ወለል ስሙ በዓለም የናኘ ሰው ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ይኸኛው ነው።

አዛውንቱ የጠየቁት ለዚያ ባሕረ ሰላጤ የምትሆን ጀልባ ነበር። ባዛርድስ ቤይ በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አይጣል ነው። ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው የባሕሩ አየር ከደቡብ ምዕራብ ይሳባል፤ ባሕረ ሰላጤውም በዚያው አቅጣጫ ስለተከፈተ ነፋሱ እንደ ልቡ ይገባል። ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ባሕሩ ሸሽቶ ውኃው ነፋሱን ተቃርኖ በሚወጣበት ሰዓት ደግሞ ይብስበታል። እንዲህ ባለው ውኃ ላይ ክብደቷ ያልተመዛዘነ ጀልባ ትዘላለች፣ ትረጫለች፣ ተሳፋሪዋን ታደክማለች።

መልሳቸው 12 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ በሆዷ 3 ሜትር ያህል የምትሰፋ ጀልባ ሆነች። ውኃውን የሚነካው ርዝመቷ ግን 8.7 ሜትር ብቻ ነው። ቀሪው ከፊትና ከኋላ ከውኃው በላይ ተዘርግቷል፤ ጀልባዋ በነፋስ ስታዘነብል ያ የተዘረጋው ክፍል ውኃ ውስጥ ይገባና ርዝመቷን ይጨምርላታል፤ ረዘም ያለች ጀልባ ደግሞ ትፈጥናለች። ምሰሶዎቿ ሁለት ናቸው፤ ትልቁ ከመሐል ወደ ፊት ብሎ፣ ትንሹ ከኋላ ጥግ ላይ። እንዲህ ያለው አሠራር ዮል ይባላል። ነፋሱ ሲበረታ ትልቁን ሸራ ፈጽሞ አውርዶ በፊተኛውና በኋለኛው ትንንሽ ሸራ ብቻ መሄድ ይቻላል። ጀልባዋ ሚዛኗን አትስትም፤ መሪውን የያዘውም ሰው አይታገልም።

አሁን ወደ እንጨቱ ልቅረብ። የኮንኮርዲያን ውበት ከሩቅ የሚሰጣት የጎኗ የላይኛው መስመር ነው። ከአፍንጫዋ ከፍ ብሎ ይነሣል፣ ወደ ኋላ እያለ ዝቅ ይላል፣ ከመካከሏ አልፎ ዝቅተኛው ቦታው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ትንሽ ቀና ይላል። ይህን መስመር በወረቀት ላይ መሳል አንድ ነገር ነው፤ 12 ሜትር በሚረዝም እንጨት ላይ ማውጣት ሌላ። የጀልባ አናጢ ቀጭን ረጅም ዘንግ በጎድኖቹ ላይ አጋድሞ በትንንሽ ምስማር ይይዘዋል፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። እዚህ ጋ በጣት ውፍረት ከፍ፣ እዚያ ጋ በሚስማር ራስ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። መለኪያው ትክክል ነው ቢለውም ዓይኑ ካልተቀበለው ይነቅለውና እንደገና ያስተካክለዋል። በዚህ ሥራ የመጨረሻው ዳኛ ዓይን ነው።

ከዚያ መስመር ዝቅ ብሎ በጎኗ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ በመሮ የተፈለፈለ ቀጭን ቦይ አለ፤ በወርቅ ይቀባል። ቦዩ በአንደኛው ጫፍ ኮከብ፣ በሌላው ጫፍ ግማሽ ጨረቃ ይዟል። ሁለቱም እንጨቱ ላይ በእጅ የተቀረጹ ናቸው። ማንኛዋም ኮንኮርዲያ ወደብ ስትገባ ሌላው የኮንኮርዲያ ባለቤት ስሟን ሳያነብ የሚያውቃት በእነርሱ ነው። ቦዩ የላይኛውን መስመር ካልተከተለ፣ በአንድ ቦታ እንኳ ትንሽ ቢሳሳት፣ ወርቁ ስሕተቱን አጉልቶ ያወጣዋል። ሠሪው በእጁ የማይተማመን ሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ጌጥ ባልደፈረም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ የተሠሩት እዚያው ማሳቹሴትስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ የአናጢ ዋጋ ተወደደ። ዋልዶ ሃውላንድ ሥራውን ጀርመን አገር ብሬመን አጠገብ በቬዘር ወንዝ ዳር ላለው ለአቤኪንግ ኡንድ ራስሙሰን የጀልባ ፋብሪካ ሰጠ። ከ1950 እስከ 1966 ቀሪዎቹ 99ኙ ከዚያ ወጡ፤ በጭነት መርከብ ተጭነው አትላንቲክን ተሻገሩ። ጦርነቱ ካበቃ ገና በቅጡ አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ ትናንት ጠላት የነበሩ ሁለት አገሮች በአንድ ንድፍ ላይ በደብዳቤ ሲነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ሲያምን ማሰብ ልብ ይሞላል።

የጀርመኖቹን እጅ ለማየት ወደ ጣውላው መጠጋት ያስፈልጋል። ጎድኖቿ ኦክ ናቸው። ኦክ እንደ ልብ አይታጠፍም፤ በእንፋሎት ተቀቅሎ ገና ትኩስ ሳለ በፍጥነት ወደ ቅርጹ ይገፋል፤ ሲበርድ እንደታጠፈ ይቀራል። በዚህ ጎድን ላይ የሚያርፈው የማሆጋኒ ጣውላ ደግሞ ሆዷ በሚዞርበት ቦታ ከውስጥ በኩል በመላጊያ ይጎደጎዳል፤ አለዚያ ጠፍጣፋው ጣውላ ክቡን ጎድን በመሐሉ ብቻ ነክቶ ዳርና ዳሩ ክፍት ይሆናል። ከውጭ በኩል ደግሞ ያው ጣውላ ክብ እስኪሆን ይላጋል። ይህ ሥራ ሲያልቅ ማንም አያየውም። ውጭው በቀለም፣ ውስጡ በጎድኑ ተሸፍኗል። ግን ሰባት ዐሥርት ዓመት ማዕበል የተደገፈው በዚያ በማይታየው መጋጠሚያ ነው።

ጣውላው ከጎድኑ ጋር የታሰረው በነሐስ ነው፤ ብረት በጨው ውኃ ስለሚዝግ። የእያንዳንዱ ቪቴ ራስ ወደ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባና ቀዳዳው በክብ የእንጨት ውታፍ ይዘጋል። ውታፉ ከዚያው እንጨት የተቆረጠ ነው፤ ሲገባም የእንጨቱ ጭረት ከጣውላው ጭረት ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲተኛ ተደርጎ ነው። በቫርኒሽ በሚታይ ቦታ ላይ ጣትዎን ቢያስኬዱበት አይሰማዎትም፤ ዓይንዎን አጥብበው ካላዩ ክቡን አያገኙትም። ጭረቱ ቢጣመም ግን እንጨቱ ሲርስና ሲደርቅ ውታፉና ጣውላው በየፊናቸው ይለጠጣሉ፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ይገባል። ማማሩና መጥቀሙ እዚህ ላይ አንድ ነገር ናቸው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ይህ ነው፦ ውታፉ ተበስቶ ሊወጣ ይችላል። ቪቴው በመፍቻ ሊፈታ ይችላል። ጣውላው ሊነሣ፣ የተሰበረው ጎድን ሊተካ፣ ጣውላው ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። በ1955 ቬዘር ዳር የቆመው አናጢ ሥራውን ሲዘጋ ለማያውቀው ለወደፊቱ ጠጋኝ በር ትቶ ነው የዘጋው። በሙጫ ተጣብቆ የማይላቀቅ ዕቃ በሚሠራበት በዛሬው ጊዜ ይህን ያህል ጨዋነት ብዙ ጊዜ አላይም።

ወደ ውስጥ ሲገባ መኝታዋን ማየት ይበቃል። ቀን ቀን የተቀማጭ ጀርባ የሚደገፍበት ከዘንግ የተሠራ መደገፊያ ነው፤ ማታ ወደ ፊት ሲዘረጋ ሸራ የተወጠረበት አልጋ ይሆናል። የመኝታ ልብሱ በቀን ከመደገፊያው ኋላ ይቀመጣል። ጀልባዋ ስታዘነብል ሸራው ሰውየውን አቅፎ ይይዘዋል እንጂ አይጥለውም። ይህ ዓይነቱ መኝታ በሌሎች ጀልባዎች ላይ ሲገኝ እንኳ የኮንኮርዲያ አልጋ ነው የሚባለው።

ለስንፍና የተሠራች እንዳትመስል ውድድሯንም ልጥቀስ። ከኒውፖርት እስከ ቤርሙዳ 635 ኖቲካል ማይል የሚያስኬደውን የውቅያኖስ ውድድር በ1954 ያሸነፈችው ማሌይ፣ ቁጥር ሁለት ኮንኮርዲያ ናት። በ1978፣ የፋይበር ጀልባዎች ባሕሩን በሞሉበት ዘመን፣ ቤብ የተባለች ሌላ ኮንኮርዲያ ያንኑ ውድድር አሸነፈች።

እንግዲህ ባለቤቶቹ። እያንዳንዷ ኮንኮርዲያ ስምም ቁጥርም አላት። ባለቤት ሲለዋወጥ ስሟ ሊለወጥ ይችላል፤ ቁጥሯ ግን አይለወጥም፤ በዚያ ቁጥር ሥር ማን እንደነበራት፣ የት እንደከረመች፣ ምን እንደተጠገነላት ይመዘገባል። ሁለት የኮንኮርዲያ ሰዎች ሲገናኙ ከራሳቸው ስም በፊት የሚጠያየቁት የጀልባዋን ቁጥር ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የወጡት 99ኙ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ንድፍ፣ በአንድ ወግ ስለተሠሩ የአንዷ ሕመም የሌላዋ ማስጠንቀቂያ ነው። የአንዷ ጎድን ሆዷ በሚዞርበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ከተገኘበት ሌላው ባለቤት የእርሱንም በዚያው ቦታ ፋኖስ ይዞ ይፈትሻል። ጠጋኝ አናጢ ጥሩ ሥራ ከሠራ ስሙ ከወደብ ወደብ ይደርሳል። እኛ ለቅሶና ሠርግ ሲመጣ በዕድር እንደምንቆም እነርሱ ጎድን ሲሰበርና ምሰሶ ሲወድቅ ይቆማሉ።

ይህ ወዳጅነት የበጋ ግብዣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አላደንቀውም ነበር። የሚፈተነው በጸደይ ነው። ጀልባዎቹ ክረምቱን ከውኃ ወጥተው፣ ሸራ ለብሰው ያሳልፋሉ። ያኔ እንጨቱ ይደርቃል፣ በጣውላና ጣውላ መካከል ያለው መገጣጠሚያ ይከፈታል። ጸደይ ሲመጣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ የላላውን ጥጥ መልሶ መጠቅጠቅ፣ ስቱኮ መሙላት፣ ቫርኒሹን ደጋግሞ መቀባት አለ። ጀልባዋ ውኃ ስትገባም ወዲያው አትሄድም፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ እስኪያብጥና መገጣጠሚያው ራሱን በራሱ እስኪዘጋ ታፈሳለች። በእነዚያ ሰዓቶች ፓምፑን እያዩ የሚያድሩት ሰዎች ናቸው ወዳጆች የምላቸው። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ጊዜውም እንዲሁ። ብቻውን የሚጀምረው ሰው ብዙ ጊዜ ይደክመዋል፤ ከጎኑ ሌላ ባለ ኮንኮርዲያ ያለው ግን ይገፋበታል።

በኦገስት ወር በሜይን ግዛት ኤገሞጊን ሪች፣ በማሳቹሴትስ ደግሞ ናንተኬት ደሴት ላይ የእንጨት ጀልባዎች ውድድር ይደረጋል፤ ኮንኮርዲያዎች አብረው ሲሰለፉ ማየት እዚያ ነው። ጀልባዎቹ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ልዩነቱ የሚወጣው ከሰው እጅ ነው፤ ማን ሸራውን በልኩ ሳበው፣ ማን ነፋሱን ቀድሞ አየው። ከውድድሩ በኋላ ደግሞ ጎን ለጎን ታስረው አንዱ በሌላው ጀልባ ላይ እየተሻገረ የጎረቤቱን መኝታ፣ የጎረቤቱን ቫርኒሽ፣ የጎረቤቱን አዲስ ጎድን ያያል። እዚያ የሚነገረው ምስጋና ባዶ አይደለም፤ ያን ሥራ ራሱ የሠራ ሰው የሚሰጠው ነውና።

ቦስተንና አካባቢዋ ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። ጀልባዎቹን ያሠራው የኮንኮርዲያ ኩባንያ የኖረበት ሳውዝ ዳርትማውዝ ከቦስተን በመኪና ወደ ደቡብ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በበጋ አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ ወደቡ ላይ ኮከብና ጨረቃ ያለባት ጀልባ ካገኛችሁ ባለቤቱን ቁጥሯን ጠይቁት። ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፤ መልሱ ረጅም ነው።