ሁለት ዲግሪ

የብስክሌት የመሃል ዘንግ ከጠንካራ ብረት ይሠራል፤ ፔዳሉን የሚሸከመው ክንድ ደግሞ፣ በጥሩ ብስክሌት ላይ፣ ከአሉሚኒየም። በብዙ ብስክሌቶች የዘንጉ ሁለት ጫፎች አራት ማዕዘን ሆነው ተሞርደዋል። አራቱም ገጾች ወደ ጫፉ በሄዱ መጠን እያንዳንዳቸው 2 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። በክንዱ ራስ ላይም በዚያው ልክ ያዘነበለ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ክንዱ ዘንጉ ላይ ይሰካል፣ አንድ ብሎን ከውጭ ገፍቶ ያስገባዋል፣ አለቀ። ብየዳ የለም፣ ማጣበቂያ የለም፣ ሁለቱን አቋርጦ የሚያልፍ ፒን የለም። በዚህች መጋጠሚያ ላይ ግን 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዳገት ሲጠናበት ከኮርቻው ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ ይቆማል፤ ድንኳኑንና ልብሱን ጭኖ ተራራ ይሻገራል። መጋጠሚያዋ በአንድ የጉዞ ቀን ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ርግጫ ትቀበላለች። በወጉ ተሠርታ በወጉ ከታሰረች ለአሥርት ዓመታት ቅንጣት አትነቃነቅም።

ለረጅም ጉዞ የተሠሩ አሮጌ ብስክሌቶችን የሚወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ቱቦዎቹ ቅጥነትና ስለ ብየዳው ጥራት ነው። ሁለቱም ይገባቸዋል። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማደንቀው ይህችን መጋጠሚያ ነው፤ ምክንያቱን ለመናገር ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል።

ክንዱ ዘንጉ ላይ 1 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ሲገፋ፣ ያዘነበሉት ገጾች ቀዳዳውን ከዳር እስከ ዳር በ0.07 ሚሊሜትር ያህል ይለጥጡታል። ይህ ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያንሳል። አሉሚኒየሙ ግን ተለጥጦ መቆየት አይወድም፤ ወደ ነበረበት ልመለስ ሲል ዘንጉን በአራቱም በኩል ጨምቆ ይይዘዋል። ክንዱን የያዘው እንግዲህ ይህ ጭመቃ ነው። ብሎኑ ገፍቶ ያስገባል፣ ከገባም በኋላ ክንዱ ወደ ውጭ እንዳያፈገፍግ ይጠብቃል፤ የእግሩን ኃይል የሚሸከሙት ገጾቹ ናቸው። የአገራችን ገበሬ ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል፤ የዶማ ዛቢያ አንድ ጫፉ ወፈር ተደርጎ የሚጠረበው ዶማው መሬት በመታ ቁጥር ይበልጥ እንዲጠብቅ ነው። በብስክሌቱ ላይ ያለው ልዩነት የስህተት ወሰኑ በመቶኛ ሚሊሜትር መለካቱ ነው።

አራቱ ገጾች እኩል ካላዘነበሉ ክንዱ በሁለቱ ተደግፎ ከሌሎቹ ሁለቱ ይርቃል። ያን ጊዜ ብሎኑ የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ በእያንዳንዱ ርግጫ ጥቂት ጥቂት መወዛወዙ አይቀርም። ልኩ ራሱም ወጥመድ አለው። የጃፓን ሠሪዎችና አንዳንድ የአውሮፓ ሠሪዎች ያንኑ 2 ዲግሪ ቢጠቀሙም የጫፉን ስፋት የወሰኑት በተለያየ ልክ ነው። ሁለቱን ዘንጎች ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ዓይን አይለያቸውም። ክንዱ ሲሰካ ግን በአንዱ ላይ ከሌላው 4 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይቆማል። ያገለገለ ብስክሌት የገዛ ሰው ክንዱ ለምን በየወሩ እንደሚላላ ግራ ሲገባው መልሱ አንዳንድ ጊዜ እዚህ ነው፤ ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱ ዘንግ ለውጦ ነበር።

ይህ አሠራር በብዛት ተመርቶ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፤ ሠሪው የፈረንሳዩ ስትሮንግላይት፣ ቦታው ሴንት ኤቲየን። ከተማይቱ የድንጋይ ከሰል፣ የጠመንጃና የሐር ጥብጣብ ከተማ ነበረች። በጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ልክን የተማረ እጅ በኋላ ወደ ብስክሌት ዞረ። ፖል ደ ቪቪ የሐር ንግዱን ትቶ «ለ ሲክሊስት» የተባለውን መጽሔት በ1887 የመሠረተው፣ ብስክሌት ማርሽ ሊኖረው ይገባል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተውም በዚህችው ከተማ ነው። ዳገቷን ላየ ሰው ክርክሩ ይገባዋል። ስትሮንግላይት 49 የተባለው ክንድ ዱራሉሚን ከተባለ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ በሙቀት ተመትቶ ቅርጽ የያዘ፣ ከዚያም ተወልውሎ የሚያበራ፣ ቀጭንና ለስላሳ፣ አንድም ሹል ጠርዝ የሌለው። ባለ ጥርሶቹ ክቦች የሚታሰሩባቸው አምስቱ ብሎኖች 50.4 ሚሊሜትር በሆነ ጠባብ ክብ ላይ ተደርድረዋል፤ ስለዚህ ትንሹን ክብ እስከ 26 ጥርስ ማውረድ ይቻላል። ሸክም ይዞ ተራራ ለሚወጣ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። ይኸው ቅርጽ ብዙም ሳይለወጥ ለአሥርት ዓመታት ተሠርቷል፤ ባየሁት ቁጥርም ለምን መለወጥ እንዳላስፈለገው ይገባኛል።

ከዚህ መጋጠሚያ በፊት የነበረው መንገድ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ለረጅም ዘመን የምናውቃቸው ከባዶቹ የቻይናና የህንድ ብስክሌቶች ክንዳቸው ብረት፣ ዘንጋቸው ክብ ነው፤ ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው በአንድ ጎኑ የተሞረደ ሽብልቅ ነው፤ በመዶሻ ይገባል፣ በዳዶ ይታሰራል። አዲስ ሽብልቅ እንደተገዛ ልክ አይሆንም። ጠጋኙ ሞርሳ ላይ አስሮ ጎኑን በሞረድ ጥቂት ይነካዋል፣ ያስገባል፣ ያወጣል፣ የት እንደነካ አይቶ እንደገና ይሞርደዋል። ሁለቱ ክንዶች ትይዩ ሆነው ካልቆሙ ነጂው ወዲያው ያውቀዋል። ይህን በዓይን ብቻ እየለኩ የሚያሳኩ እጆች አሉ። የፈረንሳዩ አሠራር ያደረገው ያንን የሞረድ ሥራ ከመንገድ ዳር ወስዶ አንዴ በፋብሪካ፣ በአራት ገጽ መጨረስ ነው።

የእኅቴ ልጅ ግሬኖብል ይማራል። ያገለገለ የ1970ዎቹ የጉዞ ብስክሌት እዚያ ገዝቶ ነበር፤ ክንዶቹ እነዚያው ስትሮንግላይቶች ናቸው። ዳገት ላይ ከግራ በኩል በየዙሩ አንድ ጊዜ «ጥቅ» ይላል። በሄድኩበት ሰሞን ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ አብረን ወሰድነው።

ሰውዬው መፍቻ አላነሡም። ሁለቱን ክንዶች በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎን ወዘወዙ፤ ፔዳሉን ግማሽ ዙር አዙረው እንደገና ወዘወዙ። የላላው ኩሽኔታው ቢሆን ሁለቱ ክንዶች አብረው ይሄዱ ነበር። እዚህ ግን ቀኙ ጸጥ ብሎ ግራው ብቻውን ተነቃነቀ። ድምፅ ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ የደረቀ ፔዳልም፣ የኮርቻ ብሎንም በየዙሩ «ጥቅ» ማለት ይችላሉ። ልጁን ከኮርቻው ተነሥቶ በግቢው ውስጥ እንዲነዳ አደረጉት፤ ድምፁ አልጠፋም፤ ኮርቻው ነፃ ወጣ።

ግራው ቀድሞ የሚላላበት ምክንያት አለ፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ እጅግ የሚያምረው እርሱ ነው። የቀኝ እግር ኃይል በክንዱ አልፎ በቀጥታ ባለ ጥርሱ ክብ ላይ ይደርሳል፤ ዘንጉን ማዞር አይጠበቅበትም። ስለዚህ የቀኙ መጋጠሚያ ቀኝ እግር ሲረግጥ መታጠፍን፣ ግራ እግር ሲረግጥ መጠምዘዝን በየተራ ይችላል። የግራ እግር ኃይል ግን ወደ ካቴናው ለመድረስ ዘንጉን ጠምዝዞ ወደ ቀኝ መሻገር አለበት፤ በዚያችው ቅጽበት የግራው መጋጠሚያ መታጠፉንም መጠምዘዙንም አንድ ላይ ይሸከማል። በየርግጫው ሁለት ዓይነት ጫና በአንድ ጊዜ። ብሎኑ ከመጀመሪያው በቂ ካልተያዘ ዕዳው መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው።

የስትሮንግላይት ብሎን ራስ 16 ሚሊሜትር ነው፤ የጃፓኖቹ 14፣ የጣሊያኑ ካምፓኞሎ 15። ብሎኑ የተቀመጠበት ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ግድግዳው ስስ የሆነ መፍቻ ይፈልጋል። ብሎኑ ወጣ፤ ክንዱ ግን ላልቶም ቢሆን በእጅ አልወጣም። በዚህ ጊዜ መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ ሦስት መንቀያዎች ተደርድረዋል። በአብዛኞቹ ብስክሌቶች ላይ መንቀያው የሚገባበት ጥርስ 22 ሚሊሜትር ነው፣ ቴ.አ. በተባለው ሌላ ሠሪ ክንዶች 23፣ በአሮጌዎቹ ስትሮንግላይቶች 23.35። የ23ቱ መንቀያ በ23.35 ውስጥ ሲገባ የያዘ ይመስላል፤ ሲጎተት ግን የአሉሚኒየሙን ጥርስ ላጭቶት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ክንዱን በሰላም ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ስንት ያማረ ክንድ በዚህች 0.35 ሚሊሜትር እንደጠፋ ማሰብ ያሳዝናል። እርሳቸው ትክክለኛውን አንሥተው ጥርሱን አጸዱ፣ በጣታቸው ብቻ እስከ መጨረሻው አስገቡት፣ ከዚያ በኋላ ነው መፍቻ የነካው።

ክንዱ ሲወጣ ገጾቹ ጥቁር ዱቄት ለብሰው ነበር። በጥቃቅን እንቅስቃሴ የተፈጨ አሉሚኒየም ከአሮጌ ቅባት ጋር ሲቀላቀል እንዲህ ይጠቁራል። በጨርቅ ጠርገው በባትሪ ብርሃን አዩት። አራት ነገር ፈለጉ ማለት እችላለሁ፤ ስንጥቅ፣ የተሸረሸረ ማዕዘን፣ የተገጠበ ጠርዝ፣ እና ጥልቀት። ጥልቀቱ ዋናው ነው። ብረቱ ጠንካራ፣ አሉሚኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ፣ ላልቶ የተነዳ ክንድ ቀዳዳው እየሰፋ ዘንጉ ላይ ከልክ በላይ ይገባል። የዘንጉ ጫፍ ሮንዴላው ከሚያርፍበት ጋር እኩል ከሆነ ብሎኑ የሚጫነው ዘንጉን እንጂ ክንዱን አይሆንም፤ የፈለግከውን ያህል ብታጠብቀው የያዝክ መስሎህ አልያዝክም። እንዲህ ያለ ክንድ ሞቷል። ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ስስ ቁራጭ ቆርጠው መሃል የሚያስገቡ አሉ፤ ወደ ቤት ያደርሳል፣ ተራራ ግን አያሻግርም። የዚህኛው ማዕዘኖች አልተሸረሸሩም፤ በእጅ ሲሰካም ከዘንጉ ጫፍ በላይ በቂ ክፍተት ቀረው። በጊዜ ተይዟል።

ከመታሰሩ በፊት ገጾቹ ደረቅ ይሁኑ ወይስ ቅባት ይንካቸው የሚለው በመካኒኮች ዘንድ ያላለቀ ሙግት ነው። ደረቅ ይሁን የሚሉት ቅባት ክንዱን ከልክ በላይ ያስገባዋል ብለው ነው። እኔ የአዛውንቱን መንገድ እደግፋለሁ፤ ዘንጉን በግራሶ ጨርቅ ጠረጉት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መልሰው ጠረጉት፤ የቀረው ስስ ሽፋን ብረቱ አሉሚኒየሙን ሳይቧጭር እኩል እንዲቀመጥ ይበቃል። የብሎኑን ጥርስና ከሮንዴላው ሥር ግን በደንብ ቀቡ፤ እዚያ ፍትጊያ ካለ መፍቻው የሚነግርህ ልክ ውሸት ይሆናል።

ልኩ ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው። 20 ሳንቲ ሜትር እጀታ ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ያህል መሳብ ማለት ነው፤ ያልለመደ ሰው ከሚገምተው ይበልጣል፤ ክንዶች በየቦታው የሚላሉትም ያን ያህል ለመሳብ ስለሚፈራ ነው። መለኪያ ያለው መፍቻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ወስደው ተጠቀሙበት። እጃቸው ልኩን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ለኩ።

በማግሥቱ ልጁ ኮል ደ ፖርት ወጣ፤ ከግሬኖብል በላይ ያለ 1326 ሜትር ከፍታ ያለው መተላለፊያ ነው። ሲመለስ ብሎኑ ጥቂት እሺ አለ፣ አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በመጀመሪያው ጉዞ ክንዱ ገጾቹ ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ ብሎኑ ይለዝባል። አዛውንቱ ወደዚያው ልክ መለሱት፤ የብሎኑን ክዳንም ገጠሙ።

«በየሳምንቱ እያጠበቅሁ ልከታተለው?» አለ ልጁ።

«በፍጹም አትንካው» አሉት።

እያንዳንዱ ማጥበቅ ክንዱን ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በየሳምንቱ የሚያጠብቅ ሰው ቀዳዳውን በየሳምንቱ እየለጠጠ ነው፤ አንድ ቀን ይሰነጠቃል ወይም ቦታ ያልቅበታል። ለማየት ከተፈለገ ሁለቱን ክንዶች ይዞ መወዝወዝ ይበቃል።