የማስታወቂያው ሚዛን

ገና ያልተጠናቀቀ ዕቃ እንዴት ይሸጣል? መልሱን ለማግኘት ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ የተባለው የፖላንድ ኩባንያ «ሳይበርፐንክ 2077» የተሰኘውን የቪዲዮ ጨዋታ እንዴት እንዳስተዋወቀ አብረን እንመርምር። የጨዋታውን ይዘት ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ ዛሬ የምንገመግመው ማስታወቂያውን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ኩባንያው ጨዋታውን ለሕዝብ ያስታወቀው በ2012 ነበር። በ2013 መጀመሪያ ላይ የለቀቀው አጭር ቪዲዮ የመውጫ ቀን አልጠቀሰም፤ ሥራው ሲያልቅ እንደሚወጣ ብቻ ተናገረ። በእኔ ግምገማ ከማስታወቂያዎቹ ሁሉ ታማኙ ይህ ነው፤ የማያውቀውን ቀን ቃል አልገባም።

በጁን 2019 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተደረገ ዝግጅት ላይ ግን አነጋገሩ ተለወጠ። ዝነኛው ተዋናይ ኪያኑ ሪቭስ መድረክ ላይ ወጣ፤ ጨዋታው ኤፕሪል 16 ቀን 2020 እንደሚወጣም ተነገረ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። እንደ ማስታወቂያ ጥበብ ካየነው የተዋጣለት ነው፦ ሰው የሚወደውን ፊት አይቶ፣ ያላየውን ዕቃ አመነ። ቀኑ ሦስት ጊዜ ተራዘመ። በመጨረሻ ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ አስቀድሞ ተሽጦ ነበር።

ለመጀመሪያዎቹ ገምጋሚዎች የተላከላቸው በኮምፒውተር የሚሠራው ቅጂ ብቻ ነው። በግምገማቸውም ላይ ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩ ተከልክለው ነበር። ብዙ ሰው ቤት በነበሩት በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን ላይ ግን ጨዋታው ይንቀረፈፍ፣ ምስሉ ይበላሽ፣ በመሐልም ይዘጋ ነበር። ሶኒ ሳምንት ያህል ቆይቶ ከመደብሩ አወጣው፤ ለገዢዎችም ገንዘባቸውን እንደሚመልስ አስታወቀ። ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በኮምፒውተር ላይ የታየው ውበት እውነተኛ ነበር። ጥፋቱ ያማረው ወገን ለዓይን ቀርቦ፣ የደከመው ወገን መሸፈኑ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ አባይ ሚዛን ሲናገር ይህንኑ ያሳስበኛል። አባይ ነጋዴ የሚሸጠው እህል እኮ እውነተኛ እህል ነው፤ የሚዋሸው ሚዛኑ ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው ማርቺን ኢዊንስኪ በጃንዋሪ 2021 በቪዲዮ ይቅርታ ጠይቋል። ጨዋታውም ለዓመታት እየተጠገነ ብዙዎች የሚያመሰግኑት ሆኗል። ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም አስቀድሞ የከፈለው ሰው የከፈለው በታየው ምስል ተማምኖ ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ከእናንተ መካከል የኮንፈረንስ ፖስተር የምትሠሩ፣ የመዘምራንን አዲስ አልበም በቴሌግራምና በቲክቶክ የምታስተዋውቁ አላችሁ። መምጣቱ ያልተረጋገጠ አገልጋይ ፎቶ ስንለጥፍ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ አዳራሽ የሞላ እንዲመስል ካሜራውን ስናዞር፣ ፈውስና ለውጥ በዚህ ምሽት ይሆናል ብለን ለእግዚአብሔር ቀን ስንቆርጥለት፣ በእጃችን ያለው ያው ሚዛን ነው። ጨዋታውን የገዛው ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይችል ነበር። በፖስተራችን ተማምኖ መጥቶ ያዘነ ወጣት ግን ምን እንመልስለታለን? የሚጠራጠረው ፖስተሩን ብቻ አይደለም፤ የተሰበከለትን ጌታም ጭምር ሊጠራጠር ይችላል።

ስለዚህ ቀጣዩ ማስታወቂያ ልባችሁን ሲያሞቀው ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዕቃውን ከሻጩ ሌላ ማን መዘነው? ያልታየውስ ወገን የቱ ነው? መልሱ እስኪገኝ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ጥቂት ቀን ብትጠብቁ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም። እናንተም ስታስተዋውቁ የምታውቁትን ብቻ ጻፉ። ቀኑን ካላወቃችሁ እንደዚያ እንደ 2013ቱ ቪዲዮ ሲያልቅ ይደርሳል በሉ።