ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ታይም ላይፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ያሳተመው የአፍሪካ ምግቦች መጽሐፍ ደራሲ ደቡብ አፍሪካዊው ሎረንስ ቫን ደር ፖስት ነው። የዶሮ ወጥ አሠራርም አለበት። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ የወጡ አሠራሮችን ሳነብ የዚህ መጽሐፍ ጥላ ያረፈባቸው ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ ላመስግነው። ሽንኩርቱን ያለ ቅባት፣ በደረቅ ድስት ነው የሚያቁላላው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዛሬ የእኛው ሰዎች እንኳ ዩቲዩብ ላይ ዘይት አንደቅድቀው ሽንኩርት ሲጠብሱ እናያለን። ጉዱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፦ ለዚህ ሽንኩርት የሰጠው ጊዜ 5 ወይም 6 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ የምግብ አሠራርንም እንደ ኮድ ነው የማነበው። «6 ደቂቃ አቁላላ» ማለት ዙሩን ቆጥሮ የሚያቆም ፎር ሉፕ ነው። ነአኩቶ ለአብ አካባቢ ያሉት አያቴ ግን በዋይል ሉፕ ነው የሚሠሩት፤ ነገሩ እስኪሆን ድረስ ይቀጥላሉ፣ ሲሆን ያቆማሉ። ሰዓት አያዩም። «ድምፁን ስማ ልጄ፤ መንጫጫቱን ሲተው በርበሬውን ጨምር» ይላሉ። ሽንኩርት የሚንጫጫው ውኃ ስላለው ነው። ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል። ከዚህ የተሻለ የማቆሚያ ምልክት የጻፈ የምግብ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

የደቂቃው ነገር ላስታ ላይ ጭራሽ አይሠራም። ላሊበላ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቁሌቱ ውኃ እስካለው ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ሽንኩርቱ ለመለስለስ፣ የአበሻ ዶሮ ለመብሰል፣ እንቁላሉም ለመጠንከር ከቆላ ይልቅ ጊዜ ይወስዳሉ። የመጽሐፉ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ልክ ቢሆን ሌላው ጋ ይስታል። የአያቴ ምልክት ግን አዋሽም፣ ላስታም፣ ዋሽንግተንም ያው ነው።

እንዲህ ስል የእኛን አነጋገር ፍጹም አድርጌ አይደለም። «እስኪበቃው»፣ «መጠኑን አይተህ» የሚባለው ቀድሞ ላየ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ውጭ አገር ያደጉት የአክስቶቼ ልጆች ከአያቴ ጎን ቆመው ማማሰያ አልያዙም። ለእነሱ «እስኪበቃው» ባዶ ቃል ነው፤ ስለዚህ ወደ መጽሐፉ ይሄዳሉ፣ ሽንኩርቱ ጥሬ ጥሬ የሚል ቀይ ሾርባ ይሠሩና «ዶሮ ወጥ» ይሉታል። አልፈርድባቸውም። አያቴ በአፋቸው የሚናገሩትን የድምፅ፣ የሽታና የቀለም ምልክት የጻፈላቸው የለም። በርበሬው ከገባ በኋላ ውኃ ጠብ እየተደረገ ስንቴ እንደሚታሽ፣ ቅቤው መቼ ከላይ ብቅ እንደሚል፣ መከለሻው ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚነሰነስ፣ ሁሉም ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው እኮ።

ሌላው የዶሮዋ አከፋፈል ነው። መጽሐፉ 8 ቦታ ይቆርጣታል፤ ለሳህን እንዲመች ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ብልቷ 12 ነው፣ እያንዳንዱም ስም አለው፦ ፈረሰኛ፣ ፍርምባ፣ መላላጫ፣ ክንፍ... ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ ይወጣል። አዲስ ሙሽራ ሙያዋ የሚታየው በዚሁ ነው፤ አንድ ብልት ጎድሎ ከቀረበ አማት ሳትቆጥር አታልፍም።